ሌባው እውነትም ሌባ ነበር

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ ከብሎካችን ሥር «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ለምንኖር ሰዎች ይህ ጩኸት አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ሌባው መያዙ ነበር። የብሎኩን ዳይናሞ ፈትቶ፣ በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ በአጥሩ ሊያሻግር ሲል ጥበቃው ደረሰበት።

ዳይናሞ ለእኛ ቀላል ዕቃ አይደለም። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በእኩለ ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር፣ ያለ ዳይናሞ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ጠብታ አይወጣም። የመጀመሪያው ከተሰረቀ በኋላ ሁለተኛውን ለመግዛት አምስት ወር ሙሉ አዋጥተናል። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት በእነዚያ ወራት ከጡረታቸው እየቀነሱ ለጀሪካን ተሸካሚ ሲከፍሉ ኖረዋል። ስለዚህ ልጁ በልብስ ማስጫ ገመድ ከመብራት ምሰሶው ጋር ሲታሰር ማንም አልተቃወመም። እኔም አልተቃወምኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ዕድሜው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። መጀመሪያ ጥፊ ነበር፣ ቀጥሎ እርግጫ፤ በኋላ አንድ የጎረቤት ልጅ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ለሁለት አጥፎ መጣ። ገመዱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ፣ እርጥብ አንሶላ ድንጋይ ላይ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነው። «እጁን ስበሩት!» አለ አንዱ ከኋላ። «ለፖሊስ ከሰጣችሁት ነገ በዋስ ወጥቶ ይስቅባችኋል!» አለ ሌላው። ያስቆሙን እኚያ የአራተኛ ፎቅ እናት ናቸው። ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወርደው በልጁና በገመዱ መሃል ገቡና እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «በሕግ አምላክ!» አሉ። ደገሙት፤ «በሕግ አምላክ!»

ገመድ የያዘው ልጅ እጁን አወረደ።

ስለዚያ ጠዋት ደጋግሜ አስቤያለሁ። የተደበደበው ሰው ኋላ ላይ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ አፍረን እናልፈው ነበር። ግን ሌባው እውነትም ሌባ ነበር። ዕቃው በእጁ ተይዟል፣ ራሱም አልካደም። ጥያቄው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ የተረጋገጠበትን ሰው፣ ያውም ከዳይናሞ ሌባ እጅግ የከፋ ነገር የሠራን ሰው፣ በጭካኔ መቅጣት ፍትሕ የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አገር የሚያንቀጠቅጥ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሣል። በ2007 ዓ.ም. መግቢያ አየር ጤና አካባቢ ታክሲ ተሳፍራ የተጠለፈች የ16 ዓመት ተማሪ፣ በቡድን በደረሰባት ጥቃት አንድ ወር ያህል ታማ ሕይወቷ ሲያልፍ ተነሥቶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ፣ ባሕር ዳር ላይ የ7 ዓመት ሕፃን ደፍሮ የገደለ ሰው 25 ዓመት እስራት ብቻ እንደተፈረደበት በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰማ እንደገና ነደደ። «25 ዓመት ምን አላት?» «በአደባባይ ይሰቀል!» «ይኮላሽ!» «እሷ ላይ ያደረገው ይደረግበት!» የሚሉ ድምፆች ለሳምንታት አልበረዱም። እነዚህን ድምፆች የጨካኞች ድምፅ ብዬ ልንቃቸው አልችልም። አብዛኞቹ የእናቶች፣ የእህቶች፣ ልጃቸውን በጠዋት ትምህርት ቤት ልከው እስኪመለሱ ልባቸው የማያርፍ ሰዎች ናቸው። መልስ የሚገባቸውም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ግን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ከባድ ቅጣትና ጨካኝ ቅጣት አንድ አይደሉም። የዕድሜ ልክ እስራት እጅግ ከባድ ነው፤ የሰውን ዕድሜ ሙሉውን ይወስዳል። ቢሆንም ለሰውየው «ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ፤ ትጠየቅበታለህ» ይለዋል። ይህን ለማለት ሰውነቱን መቀበል ግድ ነው፤ ጅብ በግ በበላ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ጭካኔ የሚጀምረው ሥቃዩ ራሱ ግብ ሲሆን ነው። እስኪጮህ፣ እስኪለምን፣ በራሱ ላይ እስኪሸና ድረስ ስንገርፈው የምንፈልገው እንዲጠየቅ አይደለም፤ ከሰውነት ተራ እንዲወጣ ነው። ከሰውነት ተራ ያወጣነውን ደግሞ ጥፋተኛ ልንለው አንችልም። ጭካኔ ወንጀለኛውን የበለጠ ተጠያቂ የሚያደርገው ይመስላል እንጂ፣ ተጠያቂነቱን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ሕጋችን ይህን ድንበር አስምሯል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው ከጭካኔ፣ ከኢሰብአዊና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝም ሆነ ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ልብ በሉ፤ «ንጹሕ ሰው» አይልም፣ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። አንቀጽ 21 ደግሞ ተፈርዶበት የታሠረውም ሰው ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል። የሞት ቅጣት በሕጋችን አለ፤ ነገር ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 117 ቅጣቱ በአደባባይ፣ በስቅላት ወይም በሌላ ኢሰብአዊ መንገድ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ያለ ርእሰ ብሔሩ ማጽደቅም አይፈጸምም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በይፋ ተፈጽመው የታወቁት የሞት ፍርዶች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በ1990 ዓ.ም. በሜጀር ጄኔራል ሀየሎም አርአያ ገዳይ ላይ፣ ሌላው በ1999 ዓ.ም. በደኅንነት ኃላፊው በክንፈ ገብረመድህን ገዳይ ላይ የተፈጸሙት ናቸው።

ከዚህ ድንበር የደረስነው በአንድ ጀምበር አይደለም። በፍትሐ ነገሥቱ ዘመን የሌባ እጅ ይቆረጥ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ ለከባድ ስርቆትና ለውንብድና ግርፋትን በቅጣትነት ይዞ ነበር። የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀሉት በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። ዛሬ «በአደባባይ ይሰቀል» የሚል ወጣት አዲስ ሐሳብ ያመጣ ይመስለዋል፤ አያቶቹ ግን ቆመው ያዩት ነገር ነው።

ያዩት ታዲያ ምን አመጣ? «ፍርሃት ያመጣል፤ የሚፈራ ሰው አይሰርቅም፣ አይገድልም» የሚለው መከራከሪያ በመጀመሪያ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ከታሪካችን አንድ ትልቅ ምስክር ልጥራ። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ሽፍትነትን ለማጥፋት፣ ገበሬው እንዲያርስ፣ ነጋዴው እንዲነግድ አወጁ። ራሳቸው በቋራ በረሃ ሸፍተው የኖሩ ሰው ስለነበሩ የሽፍትነትን ጉዳት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዓላማቸውም ቅን ነበር። ዓመፅ ሲነሣባቸው ግን ቅጣታቸው እየበረታ ሄደ፤ እጅና እግር ማስቆረጥ፣ አገር ማቃጠል፣ በመጨረሻም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እስረኞችን ወደ ገደል ማስወርወር። ፍርሃት የዓመፅ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው ዘመን የበለጠ ሰላማዊ ዘመን ባልነበረ። የሆነው ተቃራኒው ነው። አንድ አውራጃ በተቀጣ ቁጥር ሌላው ሸፈተ፤ በመጨረሻው ቀን አጠገባቸው የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። ይህን የምጽፈው ቴዎድሮስን እየወደድኩ ነው፤ የሚያሳዝነኝም ስለምወዳቸው ነው።

ጨካኝ ቅጣት ለምን እንደማያስፈራ የዳይናሞው ልጅ ራሱ ያስረዳል። ሌባ ሲያዝ እንደሚደበደብ፣ አንዳንዴም ተደብድቦ እንደሚሞት የማያውቅ ሌባ በእኛ ሰፈር የለም። እሱም ያውቃል። ግን መጣ። ምክንያቱም ሌሊት አጥር ሲዘል የሚያስበው «ቢይዙኝ ምን ያደርጉኛል?» ሳይሆን «ይይዙኛል ወይ?» የሚለውን ነው። በዚያ ዓመት በሳይታችን ሁለት ዳይናሞ፣ ቁጥሩ የበዛ የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ የአንድ ሙሉ ብሎክ የመዳብ ገመድ ተሰርቋል፤ የተያዘው እሱ ብቻ ነው። ሒሳቡ ለሌባው ያዋጣል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በፈረንጆቹ 1764 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ሰውን ከወንጀል የሚያግደው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር ማወቁ ነው። ከዚያ ወዲህ የወንጀል ጥናት ምሁራን በብዙ አገር ፈትሸው የሚያገኙት ውጤትም ወደዚሁ ያደላል። በሞት ቅጣት ረገድ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በፈረንጆቹ 2012 ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ የተሠሩ ጥናቶችን መርምሮ፣ ቅጣቱ ግድያን ይቀንሳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል።

«ሲንጋፖርን እይ! እዚያ ይገረፋል፣ ይሰቀላል፤ ወንጀልም የለም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ሲንጋፖር እውነትም በዱላ ትገርፋለች፤ ሕጉ እስከ 24 ምት ይፈቅዳል። ሆንግ ኮንግ ግን በፈረንጆቹ 1966 የመጨረሻውን ሰው ሰቅላ፣ በ1993 የሞት ቅጣትን ከሕጓ ፍቃለች። ሁለቱ በሕዝብ ብዛትም በአኗኗርም የሚቀራረቡ ከተሞች ናቸው። ተመራማሪዎች የሁለቱን የነፍስ ግድያ መጠን ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያዩት፣ የሰቀለችውም ያልሰቀለችውም በተመሳሳይ መንገድ ሲቀንስላቸው ነው ያገኙት። የሚጋሩት ገመድ አይደለም፤ ሲደወልለት የሚመጣ ፖሊስ፣ ቀጠሮ የማያንዛዛ ችሎት ነው። ሳውዲንም የሚያነሡ አሉ። ለእነሱ የምለው አንድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚያ አገር ሐሺሽ አዘዋውራችኋል ተብለው በሞት ከተቀጡት መካከል የእኛው አገር ልጆች አሉበት። የሰው አገር ሰይፍ ስናደንቅ አንገቱ የማን እንደሆነ ማየት ደግ ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ስለ ሕፃናት መደፈር ስናወራ በተለይ ልንፈራው የሚገባ። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መድፈር ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል፤ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ከተከተለ የዕድሜ ልክ እስራት አለው። ብዙ ሰው «መድፈር ብቻውን ለምን ሞት አያስቀጣም?» ይላል። አንድ ነገር እናስብ። አብዛኞቹ ሕፃናት የሚጠቁት በሚያውቁት ሰው፣ በጎረቤት፣ በዘመድ፣ በአከራይ ነው። ልጅቷ ስሙን ትጠራለች። ደፍሮ ቢተዋትም ሞት፣ ደፍሮ ቢገድላትም ሞት ከሆነ ቅጣቱ፣ ያቺን ብቸኛ ምስክር በሕይወት የሚያቆይበት ምን ምክንያት ቀረው? በሁለቱ ቅጣቶች መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንዲት ሕፃን ሕይወት ነው። «ልጄን የነካ ይሙት» የሚለው ሕግ ዘመድ ነገሩን ቤት ውስጥ እንዲደብቅ እንደሚያደርገውም መዘንጋት የለበትም፤ አጎቷ እንዲሰቀል የሚያደርግ ክስ ለመመሥረት ስንት ቤተሰብ ይጨክናል?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ጥቅም ነው። ጠንካራው መከራከሪያ ግን ስለ ጥቅም አይደለም። «ወንጀል ይቀንስ አይቀንስ ግድ የለኝም፤ ይገባዋል!» የሚለው ነው። «የአንተ ልጅ ብትሆንስ?» የሚለው።

ልጄ ብትሆን በእጄ ልገድለው እፈልግ ነበር። ይህን መካድ ውሸት ነው። ንዴቱም ልክ ነው፤ የማይናደድ አባት የማይወድ አባት ነው። ግን ከንዴት እስከ ፍርድ ያለውን መንገድ አባቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁት ነበር። በድሮው ሥርዓት ገዳይ ለሟች ወገኖች ተላልፎ ሊሰጥ ይችል ነበር፤ በቀሉ የእነሱ ነበር። ሆኖም ሽማግሌውና ካህኑ የደም ዋጋ እንዲቀበሉ፣ ደም እንዲደርቅ ይለምኑ ነበር። ወሎ ላይ አበጋሮች ደም ያደርቃሉ። እኛ ኮንዶሚኒየም የሠራንበት ይህ መሬት ከኮንዶሚኒየሙ በፊት ያውቀው የነበረው የኦሮሞ ሥርዓትም ጉማ ነው፤ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሣ ከፍሎ፣ ሥርዓቱ ተፈጽሞ፣ ሁለቱ ወገኖች እንደገና በአንድ ገበያ እንዲገናኙ የሚያደርግ። ዘመናዊ ሕግ ሳይደርስ በፊት ሕዝቡ በቀል ማለቂያ እንደሌለው ገብቶት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን የሚጠቅሱ ሰዎችም «ዓይን ስለ ዓይን» ሲሉ ቃሉ የመጣበትን ይረሳሉ። በዘፍጥረት ላሜሕ ስለ ቁስሉ ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚበቀል ይፎክራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሕግ ግን ለአንድ ዓይን ከአንድ ዓይን በላይ አትውሰድ አለ። ፈቃድ ሳይሆን ልጓም ነው። በእስልምናም ቂሳስ፣ ማለትም ጉዳትን በእኩል ጉዳት መመለስ፣ በተደነገገበት ቦታ ይቅር የማለትና ካሣ የመቀበል በር አብሮ ተከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ስቅላት ርካሽ ነው። ገመድና ምሰሶ ይበቃዋል። ለተጎዳችው ልጅ የሚያስፈልገው ግን ውድ ነው፤ እንደ ጋንዲ ሆስፒታል ባሉ ጥቂት ቦታዎች ያለው ዓይነት፣ ሐኪሙም መርማሪ ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ማዕከል በየክፍለ ከተማው፣ በየወረዳው፣ ከከተማ ወጣ ብለን ባለነው ሰፈሮችም መኖር አለበት። ከእኛ ሰፈር በሌሊት እስከዚያ ለመድረስ ኮንትራት ታክሲ መያዝ ግድ ነው። ጩኸታችን ሁሉ ወንጀለኛው ላይ ሲያተኩር፣ ከፍርዱ ማግስት የሟቿን እናት በር የሚያንኳኳ አይኖርም። ወንጀለኛው ሞተም ኖረም እሷ ቤት ያለው ባዶ አልጋ ያው ነው።

በእኛ አገር ጭካኔ ፍርድ ጠብቆ እንደማያውቅም መናገር አለብኝ። «ወንጀለኛን በጭካኔ መቅጣት ተገቢ ነው?» ብለን ስንጠይቅ፣ ጭካኔው የሚወርደው ወንጀለኛ ላይ ብቻ እንደሆነ አድርገን ነው። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። ሌባ ሻይ በሚባለው የጥንት ሌባ መፈለጊያ ሥርዓት፣ ቅጠል ተበጥብጦ ያጠጡት ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳዎቹን ሲረሽን ክስም ችሎትም አልነበረም። በቀይ ሽብር አስከሬን መንገድ ላይ የሚጣለው ጽሑፍ ተለጥፎበት ነበር፤ ጽሑፉ ፍርድ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ወፌ ላላ የተሰቀለ ሰው ከሥቃዩ ለማረፍ ያላደረገውን ሁሉ ያምናል። የማዕከላዊ ምርመራ በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ፊት መንግሥት ራሱ ሰው ሲያሠቃይ እንደነበር ሲናገሩ፣ እዚያ የተሠቃዩት ስንቶቹ ገና ተጠርጣሪ ብቻ ነበሩ። በጉልበት የተገኘ ቃል በማስረጃነት እንዳይቀርብ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ከልክሏል፤ እንዲህ የሚያደርግ የመንግሥት ሠራተኛም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 እስከ 10 ዓመት ሊታሠር ይችላል።

ሕዝቡም ከመንግሥት የተሻለ አልነበረም። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ ቦምብ ይዟል በሚል ወሬ አንድ ሰው ተገድሎ፣ ቁልቁል ተሰቅሎ፣ ሰው በስልኩ ሲቀርጸው ዋለ። ቦምብ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ሕፃናትን በክትባት ሊገድሉ ነው ተብሎ በደቦ ተገደሉ። ገዳዮቹ በዚያች ሰዓት ፍትሕ እየሠሩ ነው የመሰላቸው። እኛም በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ምሰሶው ሥር የመሰለን ይኸው ነው። የእኛው ልጅ ሌባ መሆኑ እኛን ከእነሱ አይለየንም፤ ከመደብደባችን በፊት አንዲት ጥያቄ አልጠየቅነውምና።

ሌላው ብዙ የማይነሣው ነገር ገመዱን የሚይዘው ሰው ነው። ጨካኝ ቅጣት ራሱን አይፈጽምም። አንድ ሰው ማነቆውን ያጠብቃል፤ አንድ ሰው ይቆርጣል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ እራት ይበላል። የጎረቤታችን ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ የእናቱን ዘንቢል የሚሸከም። ያን ዕለት ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም፤ እናቱም ያዩት መሰለኝ፣ ለብዙ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያልፉት። በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የብሎኩ ሕፃናት በዚያው ምሰሶ ሥር ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ በመስኮት አየሁ። አንዱን በቀሚስ መቀነት አሥረውታል፤ ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ በሣር ይመቱታል። ጨዋታው ሌባና ፖሊስ ይባል እንጂ፣ ፖሊስ የሆነ ልጅ አልነበረም።

ከሳይታችን ወደ ቂሊንጦ የሚወስደው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ፌስታልና ምሳ ዕቃ የያዙ ሴቶች ይታያሉ። ለታሣሪ ስንቅ የሚያደርሱ ናቸው። ማረሚያ ቤቱ በብዛት የሚይዘው ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት ያለ ሰዎችን ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚያ እሳት ሲነሣ 23 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታውቋል። ከሞቱት መካከል ገና ያልተፈረደባቸው ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ሞት የፈረደ ዳኛ የለም። ስለ ጨካኝ ቅጣት ስናስብ ሁልጊዜ ሰይፍና ገመድ ይታየናል፤ በመጨናነቅ፣ በሕክምና እጦት፣ ዓመት በሚፈጅ ቀጠሮ የሚቀጣው ሰው ግን በየቀኑ በታክሲ መስኮት አጠገቡ የምናልፈው ነው። እዚያ የሚገባው ሌባ ሲወጣ ጎረቤታችን ሆኖ እንደሚኖርም ማሰብ አለብን።

«በሕግ አምላክ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ድሮ በመንገድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው፣ ልብሳቸውን ቋጥረው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ሆነው ወደ ችሎት ይሄዱ ነበር። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው በትሩን አንሥቶም ቢሆን መቆም ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ መምታት በአምላክም በንጉሥም ፊት ድፍረት ነበር። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለውም የዚሁ ሕዝብ ተረት ነው። በፍርድ ተሸንፎ ከሄደ ትልቅ ንብረት ይልቅ፣ በግፍ የተነጠቀች ትንሽ ቂጣ ታንገበግባለች ማለት ነው። እጅ የሚያስቆርጥ ሕግ ያወጣውም፣ በአንድ ቃል ዱላ የሚያስቆመውም ይኸው የእኛው ባህል ነው። የትኛውን ወራሽ እንደምንሆን መምረጥ የእኛ ፋንታ ነው። እኔ የአራተኛ ፎቋን እናት መርጫለሁ፤ ግን ዘግይቼ።

የዘገየሁበትን ልንገራችሁ። ያን ዕለት ፖሊስ መጥቶ ልጁን ሲወስድ ምስክር የሚሆን ሰው ጠየቀ። ግቢው ውስጥ ሃምሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ስማቸውን ያስመዘገቡት ጥበቃውና እኚያ እናት ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን ሥራ አለን፣ የሌባው ጓደኞች ይተናኮሉናል፣ ጣቢያ የሄደ ሰው ቀኑን ይውላል አልን። እኔም እንዲሁ አልኩ። «ነገ በዋስ ወጥቶ ይስቅባችኋል» ብሎ የጮኸው ጎረቤቴ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ቤቱ ገባ። በሳምንቱ እኚያ እናት ሁለት ታክሲ ይዘው ቃላቸውን ለመስጠት ሲሄዱ ደረጃ ላይ አግኝቻቸው፣ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። በማግስቱ ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ።

የምስክር ቀን ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ የእሳቸውን ቃል ሰማሁ። ልጁ ተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ቆሟል። ዳኛዋ «ተከሳሹን ያውቁታል?» ብለው ጠየቋቸው።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ውሃዬን የወሰደብኝ ይኸው ልጅ ነው። ዳይናሞውን ታቅፎ ነው የተያዘው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ተከላካይ ጠበቃው ተነሣና ደንበኛው በያዙት ሰዎች መደብደቡን፣ ጠባሳው አሁንም ጀርባው ላይ እንዳለ ተናገረ፤ እናትየው በቦታው ከነበሩ ያዩትን እንዲያስረዱ ጠየቀ። እሳቸው ወዲያው አልመለሱም። ዞረው እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ተመለከቱ፤ ቀጥለው ከኋላዬ የተቀመጠውን ያን የጎረቤት ልጅ። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ተመለሱ።

«እሱንም እናገራለሁ» አሉ።